መነጽሩ ሲወልቅ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እናትየውን ያንገበገባት ግን የወጋችው መርሳቷ ሳይሆን ከነጭራሹ ወጋሁ አለማለቷ ነበር። የባሏ ታላቅ እህት የፈላ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ትታ ስልክ ስታወራ፣ ትንሿ ልጅ ገመዱን ጎተተችና ውሃው ጭኗ ላይ ተገለበጠ። ሴትየዋ ለዘመድ አዝማድ የምታወራው ግን ሌላ ነው፤ ልጅቷ እጇ አያርፍም፣ ልጅን ማን ጠብቆ ይችላል እያለች።

እናትየው ቂሟን እንደ ክረምት ልብስ አጣጥፋ አስቀመጠች። የፈለገችው ሴትየዋ ቁስሉ ሲታጠብ ቆማ ጩኸቱን እንድትሰማ፣ ከዚያም በገዛ አፏ ጥፋቱ የእኔ ነው እንድትል ነበር። ስለዚህ ብቻዬን አልችልም፣ አብረውኝ ይሂዱ እትዬ ብላ ለምና ወደ ሐኪም ቤቱ ወሰደቻት።

ያላሰበችው መነጽሩን ነው። ፋሻ በተቀየረ ቁጥር የልጅቷ ጩኸት ኮሪደሩን ያናውጥ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ነርሷ በቅርቡ የመጣ፣ ውስጡ የባሕር ፊልም የሚያሳይ ትልቅ ጥቁር መነጽር ዓይኗ ላይ አሰረችላት። ልጅቷ ባሕር ውስጥ ገባች። ነርሷ ቁስሉ ላይ የደረቀውን ፋሻ በውሃ እያራሰች ስትልጥ፣ ልጅቷ ጣቷን ዘርግታ አየሩን ትነካካለች።

"ሲስተር፣ ትልቁ ዓሣ አፍንጫዬን ሊስመኝ ነው" ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ነርሷም ሳሚው፣ እግርሽን ካወራጨሽ ግን ይደነግጥና ይሄዳል አለቻት።

እጇን አፏ ላይ ጭና በር ስር የቆመችው አክስት እጇን አወረደች። "ተመስገን። ትስቃለች እኮ! ያን ያህል አይደለም ብዬ አልነበር? ነገር የምታካብጂው አንቺ ነሽ።"

የእናትየው አንጀት አረረ። በኋላ እጄ ቀደመኝ ብላ ማሳበብ ትችል ነበር፤ ግን አስባበታለች። ነርሷ ሌላ ፋሻ ልታነሳ ዞር እስክትል ጠበቀችና መነጽሩን ከልጇ ዓይን ላይ ሞሽልቃ አወለቀችው።

ልጅቷ መጀመሪያ አልጮኸችም። ግራ ገብቷት መብራቱን አየች፤ ቀይ ሥጋዋን አየች፤ ከዚያ ጮኸች። አክስቷ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

"አሁንስ? ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ፣ እዪው" አለቻት እናትየው። እትዬም እርስዎም ከአፏ ጠፍተው ነበር።

ሴትየዋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "እኔ ነኝ" አለች እያለቀሰች፤ "ስልክ ላይ ነበርኩ። ያቃጠልኳት እኔ ነኝ።"

የእናትየው አንጀት ቅቤ ጠጣ። ነርሷ መነጽሩን ከእጇ ነጥቃ ለልጅቷ መለሰችላት። ልጅቷ ግን ከዚያ በኋላ ዓሣ አልነካችም፤ ፋሻው ታስሮ እስኪያልቅ ድረስ መነጽሩን በሁለት እጇ ፊቷ ላይ ጨምድዳ ያዘችው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አልጋው ላይ ስትወጣ ለነርሷ፣ "እማዬ ውጪ ትሁን" አለቻት። ለምን ብትላት፣ "ታወልቅብኛለች" አለች።

እናትየው ወጥታ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የባሏ እህት ማንም ሳይጠራት መጥታ ጫፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል። ጠጋ አለችና ይቅር በይኝ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ ማለት ጀመረች። እናትየው ይህን ቃል ለመስማት ስንት ሌሊት ስትገላበጥ አድራለች። አሁን ግን ጆሮዋን በሩ ላይ ጥላለች።

"ዝም በይ" አለቻት። "ትስቅ እንደሆነ ልስማ።"