ሰባቱ ዓሣዎች እስኪለምዱ

በዛወርቅ ዓሣዎቹን ከጅማ ያመጣቻቸው ጭኗ ላይ አድርጋ ነው። ውሃና አየር የተሞላውን ላስቲክ በነጠላዋ ሸፍና፣ ሚኒባሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር በሁለት እጇ ከፍ እያደረገችው ቦንጋ ደረሰች። ሰባት ናቸው፤ ከትንሽ ጣት የማይበልጡ፣ ጭራቸው ቀላ ያለ። ሻጩ ሰሚር «እነዚህ ዓይን አፋር ናቸው» ብሏታል። «ከተደበቁ ይደበቁ። ተያቸው፤ ራሳቸው ይወጣሉ።»

በዛወርቅ ቦንጋ ባለ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበል ከጀመረች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የሆቴሉ ባለቤት ጋሽ ደምመላሽ ባለፈው ዓመት በራሳቸው መንገድ ዓሣ አስመጥተው ነበር። አዳራሹ ውስጥ ያለውን የመስታወት ገንዳ፣ አኳሪየሙን፣ በቧንቧ ውሃ እንደወረደ ሞሉት፣ ዓሣዎቹን ገለበጡበት፣ መብራቱን ቀን ከሌት አበሩት። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። በወንፊት ለቅማ ጓሮ የቀበረቻቸው በዛወርቅ ናት። ያን ዕለት «ሌላ ከመጣ የምይዘው እኔ ነኝ» አለች፤ እሳቸውም «ያዢያ!» አሏት።

ያዘች። ጅማ ከመሄዷ በፊት፣ የቧንቧው መድኃኒት እንዲወጣለት፣ ውሃውን በርሜል ውስጥ ሁለት ቀን አሳደረችው። ላስቲኩን እንደታሰረ አኳሪየሙ ላይ አንሳፈፈችው፤ ከዚያ ፈታ፣ የአኳሪየሙን ውሃ በሲኒ እየጨለፈች ጥቂት በጥቂት ጨመረችላቸው። ከወንዝ ያመጣችውን ድንጋይ ቀቅላ ደረደረች፤ አፉ የተሸረፈ የማር ማሰሮም አጋደመችላቸው። ዓሣዎቹ ከላስቲኩ እንደወጡ ማሰሮው ውስጥ ገብተው ጠፉ። መብራቱን አጠፋች፤ መስታወቱንም በሦስት በኩል በካኪ ወረቀት ሸፈነችው።

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ጋሽ ደምመላሽ መጥተው ጎንበስ አሉ። በመኪና ቁልፋቸው መስታወቱን ኳ ኳ አደረጉት። አንዲት ብቅ ብላ የነበረች ዓሣ ድንጋዩን ገጭታ ተመልሳ ገባች።

«የታሉ?»

«ማሰሮው ውስጥ ናቸው፣ ጋሼ።»

«ማሰሮ ለማየት ነው ጅማ ድረስ የሄድሽው? ነገ ሠርግ አለብን! ድንጋዩም ማሰሮውም ይውጣ፣ መብራቱም ይብራ። ማርቲ!»

የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ማርቲ እጅጌዋን እየሰበሰበች መጣች። በዛወርቅ ወንበሯን ጎትታ መስታወቱ ፊት አኖረችና ተቀመጠችበት።

«ማርቲ፣ እጅሽን እንዳታስገቢ።»

«ተነሽ እንጂ!» አሉ ጋሽ ደምመላሽ።

«አልነሣም።»

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከ«እሺ ጋሼ» ሌላ ቃል መልሳላቸው አታውቅም።

«ሆቴሉ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው። ዓሣዎቹን ግን ያዢ ብለውኛል፤ ይዣለሁ። መደበቂያቸውን ብንነሣቸው በድንጋጤ ያልቃሉ። የአምናዎቹን ቀብሬያለሁ፤ እነዚህን አልቀብርም።»

«ጣት ለምታህል ዓሣ እንጀራሽን ልታጪ ነው?»

«ካባረሩኝ ያባርሩኝ። የክፍሎቹ ቁልፍ እዚያ ጠረጴዛው ላይ ነው። እኔ ከዚህ የምነሣው እነሱ ሲለምዱ ነው።»

ጋሽ ደምመላሽ ወደ ማርቲ ዞሩ። ማርቲ እጅጌዋን ቀስ አድርጋ ወደ ቦታው መለሰች።

«እኔ ዓሣ እፈራለሁ» አለች።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። በዛወርቅ እንግዳውን ሁሉ ከዚያው ወንበር ላይ ሆና አስተናገደች፤ ጋሽ ደምመላሽ እንደሌለች ቆጥረው አለፏት። የሙሽራዋ አክስት እትዬ ባፈና ግን ወረቀቱ ፊት ቆሙ።

«ምንድን ነው የተሸፈነው?»

ጋሽ ደምመላሽ «ተበላሽቶብን ነው» ሊሉ ሲጀምሩ በዛወርቅ ቀደመቻቸው።

«አልተበላሸም። ዓሣ ነው። ሐሙስ ነው የገቡት፣ ቤቱን አልለመዱም። መስታወቱን አይንኩብኝ፣ እትዬ።»

እትዬ ባፈና ትክ ብለው አዩዋት።

«ደግ አደረግሽ! እኔ ተድሬ ስሄድ ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ ሲያፈጥብኝ ሳምንት እህል አልወረደልኝም። እንዳንቺ የሚከልለኝ ሰው አጥቼ።» ወንበር አስመጥተው ከጎኗ ተቀመጡና ወደ መስታወቱ የተጠጋውን ሰው ሁሉ «ወዲያ!» እያሉ መለሱት። ጋሽ ደምመላሽ በሰው ፊት ምን ይበሉ? ፈገግ አሉና ወደ ድግሱ ሄዱ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዷ አፍንጫዋን ከማሰሮው አወጣች፤ ገባች፤ ደግማ ወጣች። ሌላ ተከተላት። ከዚያ ሌሎች ሦስት ወጥተው አምስቱም በድንጋዩ ዙሪያ ዞሩ። በዛወርቅ ትንፋሿን ውጣ ስታይ ጋሽ ደምመላሽ ከኋላዋ መቆማቸውን አላወቀችም። ከሠርጉ ወዲህ ስለ መባረር ያነሣ የለም።

«አምስት ናቸው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሰባት ናቸው። ሁለቱ ገና አልፈለጉም።»

እጃቸው ወደ ማብሪያው ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ።

«መቼ ነው ታዲያ የሚበራው?»

«እኔ ስል» አለች በዛወርቅ፣ ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል።