የመጀመሪያው መስመር

ኩረጃ መያዣ ፕሮግራሜ ተማሪዎቼ ኮዳቸው ውስጥ ያወጡትን ስም ሁሉ በቁጥር ይተካል፤ ስም ቀያይሮ የኮረጀ አያመልጠውም። ዛሬ አምባውንና ዙፋንን ያዘልኝ። ቢሮ አስጠርቼ ጮኽኩባቸው።

«አልኮረጅንም!» አሉኝ። ጭራሽ ድርቅና!

አፋቸውን ላስይዝ ብዬ ኮዳቸውን ጎን ለጎን ከፈትኩት። አምባው የስሌት፣ ዙፋን የካርታ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች የጻፉትን ዝግጁ ኮድ አስገብተው፣ በየፊናቸው አጭር ስም ሰጥተውታል። የእኔ ጉደኛ ፕሮግራም ከውጭ የመጣውንም የራሳቸው ፈጠራ አድርጎ ሁለቱንም «ስም አንድ» ብሏቸው፣ የተለያየውን ሥራ አንድ አስመስሎት አረፈ! እኔው ነኝ የሠራሁት፤ ማንን ልቆጣ?

«መምህር፣ ያስገባነው ላይብረሪ የመጀመሪያው መስመር ላይ ተጽፏል እኮ» አለች ዙፋን።

አምና በዚሁ ፕሮግራም ያስባረርኳት ሃሌሉያ ካለንበት ቦንጋ ወደ ደካ፣ ወላጆቿ ቤት ተመልሳለች። የእሷን ኮድ ከፍቼ እንኳ አላየሁትም።