አየር የያዘው መስኮት

ልጄ የሠራችው ጋን ሲፈነዳ ማየት አልፈልግም ነበር፤ እንደሚፈነዳ ግን እርግጠኛ ነበርኩ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ስለዚህ ምሳዋን ላደርስ ስሄድ የትልቁን ድስት ክዳን ጭምር ያዝኩ፤ ፊቷን ትከልልበታለች ብዬ።

የምትሠራበት ወርክሾፕ ባለቤት አጎቷ ነው፤ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም። ገና ከበሩ ሲያየኝ ሠራዊቱ ደረሰ ብሎ ሳቀብኝ።

ጋኑ የብረት ነው። አየሩ በፓምፕ ተመጥጦ ሲወጣ ውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ሽቦ በኤሌክትሪክ ይቀልጥና ይተናል፤ አብሮት ውስጥ የተቀመጠ የደበዘዘ የመኪና መብራት ላይ አርፎ እንደ አዲስ ያብለጨልጨዋል። ልጄ ጎኑ ላይ ወፍራም የመስታወት መስኮት አበጀችለት። ሽቦው ሲቀልጥ ካልታየ ሥራው የዕውር ድንብር ነው ትላለች።

የመጀመሪያው መስታወት ግን ፓምፑ እንኳ ሳይነሳ ተሰነጠቀ። አጎቷ ዙሪያውን የሚይዙትን ቡሎኖች ሲያስር አንዱን በሙሉ ጉልበቱ አጥብቆ ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይሄድም ነበር። ጥፋቱን ግን ለመስታወቱ ሰጠው። ሁለተኛውም ከተሰበረ ቀዳዳውን በላሜራ ሊበይደው ምሏል።

ዛሬ ልጄ ከሁለተኛው መስታወት ሥር የላስቲክ ቀለበት አኖረች። ቡሎኖቹን አንዱን ከወዲህ፣ አንዱን ከማዶ እያፈራረቀች በጣቷ ብቻ ያዝ አደረገቻቸው። አጎቷ ይኼ የጠርሙስ ክዳን ነው እንዴ እያለ የቡሎን ማጥበቂያውን ቺያቬ አነሳ።

«ጋሼ፣ መስታወቱን የሚይዘው ቡሎኑ አይደለም። ውስጡ ባዶ ሲሆን የውጭው አየር ይጫነዋል።»

አየር ዘበኛ ሲሆን አላየሁም ብሎ ተጠጋ። እውነቱን ለመናገር እኔም ቡሎኑ ጠበቅ ቢል በወደድኩ። ልጄ ግን በእሱና በመስኮቱ መሀል ቆመች። እኔም የድስቱን ክዳን አስቀምጬ ጎኗ ቆምኩ። ከተዳርኩ ጀምሮ ለዚህ ሰው መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

«አይንኩት ጋሼ» አልኩት። «ያኛውን እርስዎ ሰብረዋል። ይኼኛው ቢሰበርም በእሷ እጅ ይሰበር።»

እናትና ልጅ መክራችሁብኛል ብሎ አጉረመረመ፤ ቺያቬው ግን ወረደ።

ፓምፑ ተነሳ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ፤ ምንም አልፈነዳም። ስገልጥ መስታወቱ ላስቲኩን ደፍጥጦ ብረቱ ላይ ልጥፍ ብሏል። ልጄ አንዱን ቡሎን በጣቷ ፈታችና በአጎቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችለት። እሱም ሌላውን ነካ ነካ አደረገው፤ ያለ ቺያቬ ዞረ። ከዚያ ልጄ ኤሌክትሪኩን ስትለቅ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አጮለቀ፤ ሽቦው መቅላት ጀምሮ ነበርና ተነስ ቢሉትም የሚነሳ አይመስልም።

«ጋሼ፣ ገለል ይበሉልኝ» አለችው። «ማየት ያለብኝ እኔ ነኝ።»

ገለል አለ።