የሁለት አባቶች ጠመቃ

ፀጉር ቆራጩ ቢራ መጥመቅ የጀመረው ከሚስቱ ከተፋታ በኋላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን ቀደም ብሎ ይዘጋና ኩሽናው ውስጥ የተፈጨ ብቅል በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፈ ብቸኝነቱን ይረሳበታል። እንደ መቀሱ ግን ጠመቃው እጁ አልገባለትም። ቢራው ሽታው ሸጋ፣ መልኩ ሸጋ፣ አቅም ግን የለውም። ጎረቤቶቹ ጠጥተው "ጥም ይቆርጣል" ይሉታል። እሱም ምስጋና ነው ብሎ ይቀበላል።

አንድዬ ልጁ ልታገባ ሆነ። "አባዬ፣ በሰርጌ ቀን ያንተን ቢራ ነው የምንጠጣው" ስትለው ደስታውም ጭንቀቱም እኩል መጣበት። ከዚያ ወዲህ ያልሞከረው የለም። ብቅል ጨመረ፤ ድስቱ ጢም አለ እንጂ ጭማቂው ውስጥ የሚንሳፈፈው የስኳር መለኪያ ንቅንቅ አላለም። ለቢራው አቅም የሚሰጠው ጣፋጭ እህሉ ውስጥ እየቀረ ከአተላው ጋር ይደፋ ነበር።

"ወፍጮህ ሳይሆን አይቀርም" አለችው ልጁ። "ጋሼ መጥቶ ይይልህ?"

ጋሼ የምትለው እንጀራ አባቷን ነው። መካኒክ ነው። ሁለቱ ወንዶች እስከ ዛሬ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ፀጉር ቆራጩ "አያስፈልግም" ሊል አፉን ከፈተና የልጁን ፊት ሲያይ መልሶ ዘጋው።

መካኒኩ በሳምንቱ የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ መጣ። ለሥራ ቢመጣም የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል።

"ይግቡ፣ ይግቡ፤ ቤቱ ጠባብ ነው እንጂ።"

መካኒኩ ከተፈጨው ብቅል አንድ እፍኝ ዘግኖ መዳፉ ላይ በተነው። ግማሹ ፍሬ ድፍን ነው፤ ወፍጮው አልነካውም።

"ካልተሰበረ ውሃው በምን በኩል ይገባለታል?" አለ።

"እኔም ጠርጥሬ ነበር" አለ ፀጉር ቆራጩ። አልጠረጠረም ነበር።

መካኒኩ እህሉን የሚጨፈልቁትን የወፍጮውን ሁለት ሲሊንደሮች አቀራረባቸው። ብቅሉ ልሞ ወረደ። ሙቅ ውሃ ጨምረው፣ ጓሉን በማማሰያ እየሰበሩ አዋሃዱና ሙቀቱ እንዳይወርድ ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ቁጭ አሉ። ከዚህ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው። ኩሽናው ከመጥበቡ የተነሳ ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

"ሰርጉ ላይ ይዟት የሚገባውን ሰው ነገር ነግራዎታለች?" አለ መካኒኩ።

"አልነገረችኝም።" ለካ ለዚህ ነው የመጣው፣ አለ ፀጉር ቆራጩ በልቡ።

"ፈርታ ነው። ሁለታችሁም ብትይዙኝ አባዬ ይከፋዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም አባትሽ እያለ አይሆንም አልኳት።" ብርድ ልብሱን ያለ ምክንያት አስተካከለ። "አልዋሽዎትም፣ አንድ ቀን እኔንም አባዬ ትለኝ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለችም። እውነቷን ነው።"

ፀጉር ቆራጩ ዘመኑን ሁሉ የፈራው ይህንኑ ነበር። ሰውየው ደግሞ ያንኑ ሲመኝ ኖሮ ተስፋ ቆርጧል።

"ሳይክል ስትለማመድ ኮርቻውን ይዘው ከኋላዋ ሲሮጡ ከሱቄ ሆኜ አይቼዎታለሁ" አለው። "ትንፋሽዎ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።"

"የከበደኝ ሳይክሉ ነው። እሷማ ላባ ነበረች።"

ሁለቱም ሳቁ።

ሰዓቱ ሲደርስ ከድስቱ ሥር ያለውን ቧንቧ ከፈቱት። ጭማቂው ጠብ ጠብ አለና ቀጥ አለ። የላመው ዱቄት ድስቱ ውስጥ ያለውን ማጥለያ ደፍኖታል። መካኒኩ ክው አለ።

"ወፍጮውን ከልክ በላይ አጠበቅኩት መሰለኝ። ጉድ ሠራሁዎት።"

"ቆይ እንጂ፣ አንተ ደግሞ! ተደፈነ እንጂ ተደፋ እንዴ?" አለ ፀጉር ቆራጩ። አንቱታው ሳያስበው ከአፉ ወድቆ ቀረ። "ያንን ማንቆርቆሪያ አቀብለኝ።"

ድፍድፉን ከሥሩ በማማሰያ ቀስ ብሎ አላቀቀው። ከዚያ መካኒኩ ሙቅ ውሃ ከላይ እንደ ካፊያ ሲያርከፈክፍ፣ እሱ ቧንቧውን በጥቂቱ ብቻ ከፍቶ ያዘ። ሌላ ጊዜ ወለል አድርጎ ከፍቶ ይለቀው ነበር፤ ዛሬ ግን እንዳይደፈን ፈርተው ተንቀረፈፉ። ውሃው እህሉን እያጠበ፣ ጣፋጩን ይዞ ወረደ። በመጨረሻ መለኪያውን ጭማቂው ውስጥ ሲከቱት እስከ ዛሬ ደርሶበት ከማያውቀው ከፍታ ላይ ተንሳፍፎ ቆመ። ፀጉር ቆራጩ መነጽሩን አድርጎ ደግሞ አየ።

"በትክክል ነው የሚያነበው?" አለ መካኒኩ።

"ምን አስዋሸው?"

እጃቸውን ታጥበው ሲጨርሱ ፀጉር ቆራጩ ስልኩን አነሳና ልጁ ጋ ደወለ። "ስሚ" አላት፣ "በቀኝሽ እኔ ነኝ፤ በግራሽ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጫማ እንዲገዛ ንገሪው፤ ያደረገው አልቋል።" መካኒኩ እግሩን ወንበር ሥር ሸሸገ።

በሰርጉ ቀን ሦስቱ ጎን ለጎን ገቡ። አንዱ አባት አጭር፣ አንዱ ረጅም ስለሆነ እርምጃቸው አልገጥም ብሎ ሙሽራዋ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ቢራው ከምግቡ ቀድሞ አለቀ። የሙሽራዋ እናት አንድ ብርጭቆ አጣጥማ ሁለቱን ወንዶች ተራ በተራ አየቻቸውና "ማነው የጠመቀው?" አለች።

ሁለቱም አንዱ ወደ ሌላው አመለከቱ።