የእቴቴ ሸጋዬ ሰረዝ

መምህር ስመኘው ሱቄ ሲገባ አላወቀኝም። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ለእናንተ ሳወራ ግን አንጀቴ እንቢ ስላለኝ «እሱ» ይበቃዋል። ሱቄ ቡሬ ውስጥ፣ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከባጃጆቹ ተራ ፊት ለፊት ነው። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ኮፒ ማሽንና አንድ አግዳሚ ወንበር አለኝ። አግዳሚው ላይ እንኳ ሳይቀመጥ ፍላሹን ዘረጋልኝ።

«የጥናት ጽሑፍ ነው፤ ለውጭ አገር መጽሔት» አለ። «ይዘቱን እንዳትነኪ። የዋቢዎቹን ዝርዝር ብቻ መጽሔቱ በሚፈልገው መልክ አስተካክይልኝ። ፍኖተ ሰላም ለቅሶ አለብኝ፤ ሐሙስ እመለሳለሁ። ዓርብ ካልላክሁት ጊዜው ያልፍብኛል።»

«እሺ መምህር» አልሁት። እኔ ገና ከበሩ አውቄዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የመመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ ከፈታኞቼ አንዱ እሱ ነበር።

ይህን ሱቅ የከፈትሁት ሥራ ሳጣ ነው። የሌላ ሰው ዋቢ ስደረድር ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ አልዋሽም፣ ጎበዝ ነኝ። ሰው የነጥብና የኮማ ጉዳይ ይመስለዋል። ለእኔ ዋቢ ማለት «ይህን ከሆዴ አላወጣሁትም፤ ያለው እገሌ ነው፤ ሂዱና ጠይቁት» ማለት ነው። የዚህ መጽሔት ደንብ ዋቢዎቹ በጽሑፉ ውስጥ በመጡበት ተራ ቁጥር እንዲሰጣቸው ነው። መሐል ላይ አንድ ቢገባ ወይም ቢወጣ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ቁጥራቸው ይቀየራል። አርባ ዋቢ ነበረው። እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ በሰላም ሄድሁ።

ከዚያ ሠንጠረዥ ሁለት መጣ። የሠላሳ ሁለት ገበሬዎች በቆሎ፣ ግማሹ በአመድ የታሸ፣ ግማሹ ያልታሸ፤ በየወሩ ከመቶው ስንቱን ነቀዝ እንደበላው። ቁጥሮቹን ገና ሳያቸው አወቅኋቸው። የእኔ ናቸው። ጎተራ ለጎተራ በእግሬ ዞሬ፣ ፍሬውን አንድ በአንድ ለቅሜ ያወጣኋቸው ናቸው። ረድፍ አሥራ ዘጠኝ፣ አምስተኛው ወር ላይ ደግሞ ቁጥር የለም፤ ሰረዝ ብቻ። ከሠንጠረዡ ሥር የማንም ስም አልተጻፈም።

ያች ሰረዝ የእቴቴ ሸጋዬ ናት። ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ባለ ሁለት ጎተራ ገበሬ ናቸው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ናሙና ልወስድ ስሄድ ጎተራው ፊት ቆሙብኝ። «የልደታ ዝክር ሳይወጣለት አይሰፈርም፤ በረከቱ ይርቃል» አሉኝ።

«እቴቴ፣ አንዲት ጣሳ ብቻ» ብዬ ለመንኋቸው።

«ሙስሊም ስለሆንሽ አይምሰልሽ፤ የራሴ ልጅም ቢመጣ አላስነካም» አሉና ንፍሮ አቀረቡልኝ። ልሄድ ስል ግን መልሰው ጠሩኝ። «ብቻ ያልሰፈርሽውን ሰፈርሁ እንዳትይ። በእኔ ጎተራ ውሸት እንዳይጻፍ» አሉ። ቃል ገባሁላቸው። በቦታው ሰረዝ አሰመርሁ፤ ምክንያቱንም ገጽ አርባ አንድ ላይ እሳቸው እንዳሉት ጻፍሁ።

ጽሑፌን ባቀረብሁ ቀን ስመኘው ሰረዟን በእስክሪብቶ መታ መታ አደረገ። «ይህ ጉድለት ነው። የሌሎቹን አማካይ ወስደሽ ሙይው» አለ። «ያልለካሁትን አልጽፍም» አልሁ። ነጥቤን ቆረጠው። በዚያ ውጤት ለማስተርስ ሁለት ጊዜ አመልክቼ ሁለቴም ቀረሁ። ያኔ ላንብበው ብሎ የወሰደው ቅጂ ነው እንግዲህ አሁን በእሱ ስም ወደ ሱቄ የመጣው።

ፍላሹ ውስጥ የገምጋሚው ደብዳቤም ነበር። «የሠንጠረዥ ሁለት መረጃ ከየት እንደተገኘ ይገለጽ። ረድፍ 19 ላይ ያለው ሰረዝ ምክንያቱ ይብራራ። አለበለዚያ ጽሑፉን አንቀበልም» ይላል። ብቻዬን ሳቅሁ። ስመኘው ሲገለብጥ ሰረዟን ልብ እንኳ አላላትም ነበር።

ዝም ብዬ ኮማውን አስተካክዬ ልመልስለት እችል ነበር። ፍላሹ ተበላሸ ብዬ ልደብቀውም እችል ነበር። ሁለቱንም አልፈለግሁም። የምፈልገው ስሜን ነው። ከአሥራ አንደኛው ሥር «12. ኢስሃቅ፣ ናጂሃ» ብዬ ጽሑፌን ከነርዕሱ ከነዓመቱ አስገባሁ። የአባቴ ስም የቀደመው የመጽሔቱ ደንብ ስለሆነ ነው፤ አባቴ ቡሬ ገበያ በቆሎ ይነግዳል፣ ቢያየው ደስ ይለው ነበር። ከሠንጠረዡ ሥር «ምንጭ፦ 12» ብዬ ጨመርሁ። የቀሩትን ሃያ ዘጠኝ ዋቢዎች አንድ አንድ ቁጥር ገፋኋቸው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ መጣ። ቆሞ ስክሪኑን ሲያይ ቆየና ጣቱን ቀሰረ።

«አሥራ ሁለተኛው ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ መምህር።»

ቀና ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ አስታወሰኝ። በሩን ገላመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይዘቱን አትንኪ ብዬሽ ነበር።»

«አልነካሁም። ዋቢውን ነው ያስተካከልሁት።»

«ያልታተመ መመረቂያ ጽሑፍ አይጠቀስም።»

«የመጽሔቱ ደንብ ገጽ ስድስት ላይ እንዴት እንደሚጠቀስ ተጽፏል። አትሜ ልስጥዎት?»

ግንባሩን ጠረገ። «እሺ፣ መጨረሻ ላይ ምስጋና ውስጥ ላስገባሽ። ናጂሃ ኢስሃቅን ስለ ትብብሯ አመሰግናለሁ እላለሁ።»

«እኔ አልተባበርሁዎትም። ወሰዱብኝ እንጂ።»

ፍላሹን ነቅሎ ወደ በሩ ሄደ። «ሌላ ሱቅ ሞልቷል» አለ።

«ሞልቷል። አሥራ ሁለተኛውን ለማውጣት ግማሽ ሰዓት አይፈጅባቸውም። የሰረዟን ምክንያት ግን ማን ይነግርዎታል? ወይስ አማካይ ይሞሉባታል? ገምጋሚው እንደሆነ አይቷታል።» ወደ መሳቢያዬ ጠቆምሁት። «የመጽሔቱ አዘጋጅ አድራሻም ደብዳቤው ላይ አለ፤ ጽሑፌም ከነማኅተሙ መሳቢያዬ ውስጥ ነው» አልሁት።

ባጃጅ ጠራ። ባጃጁ ሲቆምለት መልሶ አሰናበተው። ተመልሶ ገብቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«እሺ፣ ንገሪኝ። የዚያ ገበሬ ቁጥር ለምን ጎደለ?»

በቃል ልነግረው አልወደድሁም። ጽሑፌን ከመሳቢያ አውጥቼ ገጽ አርባ አንድን ገልጬ ጭኑ ላይ አኖርሁለት። አነበበ። ደገመና አነበበ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያነበው ያስታውቅ ነበር።

«ታዲያ ለገምጋሚው ምን ብዬ ልመልስ?»

«ኢስሃቅ፣ ዋቢ 12፣ ገጽ 41 ይመልከቱ ብለው ይመልሱ።»

«ጻፊዋ።»

«አልጽፍም» አልሁት። ከወንበሬ ተነሥቼ እሱን አስቀመጥሁት። ፊደሎቹን በሁለት ጣት እየፈለገ ሲጽፍ ከኋላው ቆሜ አየሁ። ከአባቴ ስም አንዲት ፊደል ዘለለ፤ አስደገምሁት።