ባዶዋን

ኑራ ከጎንደር ስትመለስ፣ ወንድሟ ያሕያ ደባርቅ መናኸሪያ ውስጥ መኪናቸውን ሰፋፊ ጎማና የሚያብረቀርቅ ቸርኬ አስገጥሞ ጠበቃት። ጎማው ከላዩ ከሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ ከፓራፋንጎው፣ ወጣ ብሏል፤ ክብደቷን የሚሸከመው ሞላ ግን ያው የድሮው ነው።

“ቆርቆሮውን ይነካል” አለችው።

“እህት ዓለም፣ ዳባት ድረስ ነድቼ ሞክሬዋለሁ፤ ንክች አላደረገም።”

“ባዶዋን?”

ያሕያ ዞር ብሎ ወደ መኪናዋ ውስጥ አየ። ወደ ዛሪማ የሚወርዱት አራት ተሳፋሪዎች ከነጓዛቸው ተቀምጠዋል።

“መሪውን እስከ መጨረሻው አዙር!”

አዞረ። በሰው ክብደት ዝቅ ባለችው መኪና ጎማው ቆርቆሮውን እየፋቀ ተቀረቀረ፤ መሪው ከግማሽ አላልፍ አለ። የሊማሊሞ ጥምዝ ደግሞ በግማሽ መሪ አይታለፍም።

“ቆርቆሮውን ትንሽ ብናስቆርጠው…”

“ለጫማ ብለህ እግር ትቆርጣለህ? እነዚህን ሰዎች ገደል ልትከት ነበር እኮ!”

ከኋላ የተቀመጡት አሮጊት ጣልቃ ገቡ፤ “ልጄ፣ እኔስ ቀጭን ነኝ፤ ከሰው አትቁጠሪኝ።”

ተሳፋሪው ሳቀ። ኑራ አልሳቀችም። ደሟ እንደ ፈላ በሩን ከፈተች።

“ይውረዱ፣ እማማ። በዚህች መኪና አይሄዱም።”

የአራቱንም ጓዝ ራሷ ተሸክማ ሌላ መኪና ላይ አስጫነችላቸው። ተመልሳም ቁልፉን ከወንድሟ እጅ ነጠቀችና በምትኩ የመኪና ማንሻውን ክሪክ አስጨበጠችው።

“አውልቅ!”