በሞረድ የተሠራው ዘንግ

የቄስ ዕንባቆም ማኪና ዕድሜዋ ከባለቤቷ ክህነት ይበልጣል። ኮሶዬ ላይ ተዝካር አለ ከተባለ ግን ዳገቱን እንደ ፍየል ትወጣዋለች። ዛሬ ጎንደር የገባችው በገመድ ተጎትታ ነው።

መካኒኩ ማሩ ከሥሯ ገብቶ የዘይት መያዣውን ሲፈታ ላብ አጠመቀው። ምን እንደሚያገኝ ያውቃል። አምና የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው ዘንግ ጫፉ ተበልቶ ሲመጣ፣ «አዲስ ቀየርኩ» ብሎ ቄሱን ሸኛቸው እንጂ ያደረገው አሮጌውን በብየዳ አሳብጦ በሞረድ ስድስት ማዕዘን ማውጣት ነበር። የሰበካው ማኪና ሁሉ ወደ እሱ የሚመጣው በቄሱ ቃል ነው። ይህ ከታወቀ ጋራዡን ዶሮ ይወርሰዋል።

ዘንጉን አወጣው። ጫፉ እንደ እንቁላል ድቡልቡል ብሏል። ዘንጉ ለብቻው ሲዞር ፓምፑ ቆሞ፣ ሞተሩ ከዘይት ጾም ይዟል።

«አባ፣ ቀዩ የዘይት መብራት አልበራም?»

ቄሱ ከማኪናዋ ጎን ቆመዋል። «በርቷል።»

«ታዲያ ምነው ሳይቆሙ ቀሩ?»

«ዓይኔን ሲወጋኝ የገብርኤልን ሥዕል ለጠፍኩበት። ሦስቱን ልጆች ከእሳት ያወጣ ለአንድ ሞተር አያንስም ብዬ ነው። ማንኳኳት ስትጀምር ግን አጠፋኋት።» አንገታቸውን ደፉ። «በገዛ እጄ ገደልኳት፤ አንተን ምን ልበልህ ልጄ።»

ለማሩ መዳኛው ከሰማይ ወረደለት። ዝም ቢል አለቀ። ሽማግሌው መስቀላቸውን እያሻሹ እንባ ሊቀድማቸው ሲል ግን አላስችል አለው።

«አባ፣ የርስዎ ጥፋት ከእኔ ኋላ የመጣ ነው። ይኸ ዘንግ አዲስ አልነበረም። አሮጌውን በሞረድ አበጅቼ ነው የመለስኩት።»

ቄሱ ዘንጉን ተቀብለው አገላበጡት። «መቼ?»

«አምና፣ በፍልሰታ።»

«በጾም ጭምር።»

«ስግደት ይዘዙብኝ።»

«አላዝም። አንተ እሱንም ሞርደህ ታሳጥረዋለህ። ተነሥ፣ ብረት ወደሚቆረጥበት ቶርኖ ቤት እንሂድ።»

የቶርኖ ባለሙያው ላቀው ዘንጉን ወደ ብርሃን አንሥቶ አይቶ ሳቀ። «ይህን ያጨማለቀው የማን እጅ ነው? ስሙን ንገሩኝና ከተማው ይወቀው።»

የማሩ ጆሮ ጋለ።

«የንስሐ ምስጢር ነው» አሉ ቄስ ዕንባቆም። «አንተ አዲሱን ቁረጥ።»

ከዚያም በርጩማ ስበው ከቶርኖው አጠገብ ተቀመጡ። ማሩን ግን ሞረዶቹ ከተደረደሩበት ጠረጴዛ ራቅ ብሎ እንዲቆም አዘዙት።